ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ፦ ፒያኖ ለዐውደ ርዕይ ምላሽ ሲሰጥ

የሥዕል ሙዚየሞች በአዳራሾቻቸው ፒያኖ ማስገባት ከጀመሩ ቆይተዋል። በቅርብ ዓመታት ግን ጥሪው ተለውጧል። ቀድሞ የሙዚየም ኮንሰርት ማለት ሥዕል የተሰቀለበትን ሰፊ ክፍል ለአንድ ምሽት ለሙዚቀኞች መልቀቅ ነበር። አሁን ፒያኒስቱ ለተሰቀለው ዐውደ ርዕይ ምላሽ እንዲሰጥ ይጋበዛል። ሥዕሎቹን አይቶ፣ የሚስማማቸውን ሥራ መርጦ ወይም አዲስ ደርሶ፣ በመካከላቸው ተቀምጦ እንዲጫወት ይጠየቃል። ሐሳቡ ያማረ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ግን ሌላ ነገር ነው፤ የመክፈቻው ዕለት እንግዶች ብርጭቆ ይዘው ሲጨዋወቱ ከበስተጀርባ የሚንቆረቆር ለስላሳ ዜማ፣ ወይም ከሥዕሎቹ ጋር በአንድ ዘመን ከመጻፉ በቀር ምንም የማያገናኘው የሙዚቃ ዝርዝር።

እንዲህ ያለውን ምሽት ምላሽ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። አጀብ ነው፤ አጀብ ደግሞ አጃቢነቱ ሲያበቃ አብሮ ይበተናል። እኔ የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሥዕሎቹ ከግድግዳው ቢነሡ ሙዚቃው በራሱ እግር ይቆማል ወይ? ይህን ፈተና ያለፉ ሥራዎችን ስናይ የሚገርም ነገር እናገኛለን። በታሪክ ጎልተው የወጡት የፒያኖና የሥዕል ግንኙነቶች አብዛኛውን ጊዜ የተወለዱት ወይም የጸኑት ሥዕሉ በሌለበት፣ በተነሣበት ወይም በጠፋበት ቦታ ነው።

የሁሉም አብነት በሴንት ፒተርስበርግ የሆነው ነው። አርክቴክቱና ሠዓሊው ቪክቶር ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1873 በ39 ዓመቱ በድንገት አረፈ። የኪነ ጥበብ ሐያሲው ቭላድሚር ስታሶቭ በተከታዩ ዓመት በከተማዋ የኪነ ጥበብ አካዳሚ የመታሰቢያ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀለት፤ ከ400 የማያንሱ ሥዕሎችና ንድፎች ቀረቡ። የሙዚቃ ደራሲው ሞዴስት ሙሶርግስኪ የሟቹ የልብ ወዳጅ ነበር። ዐውደ ርዕዩን ተመለከተ፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ፣ «ሥዕሎች ከዐውደ ርዕይ» የተሰኘውን የፒያኖ ሥራ ጽፎ ጨረሰ።

ሥራው በሥዕሎች የተሰየሙ አሥር ክፍሎች አሉት። በመካከላቸው እየተመላለሰ የሚሰማው «ሽርሽር» የተባለው ዜማ ግን ሥዕል የለውም። እርሱ ራሱ ተመልካቹ ነው፤ ሙሶርግስኪ ከአንዱ ክፈፍ ወደ ሌላው ሲራመድ የሚሰማው ነው። ምቱ አምስትና ስድስት እየተፈራረቀ ስለሚሄድ፣ ጆሮ አካሄዱን ለመድሁት ሲል ይለወጥበታል። ሰው በዐውደ ርዕይ ውስጥ የሚሄደውም እንዲሁ ነው። ይራመዳል፣ ያዘግማል፣ ዓይኑን የያዘው ነገር ሲያገኝ ይቆማል፣ ያለፈውን ደግሞ ለማየት ይመለሳል። ሙዚቃው የሥዕሎቹን መልክ ብቻ ቢቀዳ ኖሮ የተዋበ መግለጫ ሆኖ በቀረ ነበር። የሚያየውን ሰው በመሐል በማስገባቱ ግን የሐዘንተኛ ወዳጅ ታሪክ ሆነ፤ ዜማው ደግሞ በተመለሰ ቁጥር ያው አይደለም። አንዴ በልበ ሙሉነት ይመጣል፣ አንዴ ረግቦ፣ አንዴ አዝኖ። ያየው ሥዕል ስሜቱን አብሮት ወደ ቀጣዩ ክፈፍ ይወስዳል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንዱን ቦታ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሃርትማን የፓሪስን ከርሠ ምድር የዐፅም ማኖሪያ በውሃ ቀለም ሥሎታል። በሥዕሉ ውስጥ ፋኖስ የያዘ መሪ፣ አንድ ጓደኛውና ሠዓሊው ራሱ ቆመዋል፤ በአንድ በኩል የራስ ቅሎች ተደርድረዋል። ሠዓሊው ሞትን ሲጎበኝ ራሱን የሣለበት ሥዕል ነው ማለት ነው፤ ሙሶርግስኪ ሲያየው ደግሞ ሠዓሊው በእውነት ሞቷል። ሙዚቃው የሚጀምረው በከባድና ረጃጅም አኮርዶች፣ ማለትም ባንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች ነው፤ ደምቀው ይመታሉ፣ ወዲያው በለሆሳስ ይመለሳሉ፣ ጨለማ ውስጥ ገብቶ የተጣራ ሰው ድምፁ ሲመለስለት የሚሰማውን ይመስላሉ። ቀጥሎ የሚሆነው የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። እስካሁን ከሥዕሎቹ ውጭ ሲመላለስ የነበረው የሽርሽሩ ዜማ እዚህ ከሥዕሉ ውስጥ ይሰማል። ቀኝ እጅ ከላይ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ድምፅ ይዞ ሲቆይ፣ ዜማው ከሥሩ ሐዘን ለብሶ ያልፋል። ሙሶርግስኪ በዚህ ቦታ በእጅ ጽሑፉ ላይ በላቲን ከሙታን ጋር በሙት ቋንቋ የሚል ትርጉም ያለው ማስታወሻ አኑሯል፤ የሃርትማን መንፈስ ወደ ራስ ቅሎቹ እንደሚመራውና ቅሎቹም ከውስጥ ማብራት እንደሚጀምሩ ጽፏል። ተመልካቹ ክፈፉን ተሻግሮ ከወዳጁ ጎን ቆመ። ሥዕሉ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሃርትማን ሲሥለው ገና በሕይወት ነበርና። ምላሽ የምለው ይህንን ነው። ሥዕሉ ያልተናገረውን፣ ሊናገርም የማይችለውን፣ ከራሱ ከሥዕሉ አውጥቶ መናገር።

ሌላም የሚያስተምር ነገር አለ። በትልልቅ ጎማዎች የሚሄደውን የፖላንድ የበሬ ጋሪ የሚመለከተው ክፍል፣ ሙሶርግስኪ እንደጻፈው፣ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ በሙሉ ኃይል ይመታል። ጋሪው ከየት መጣ ሳይባል ፊታችን ተደቅኗል። ደራሲው ከሞተ በኋላ ሥራውን ለኅትመት ያዘጋጀው ሌላው ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ግን ክፍሉ በለሆሳስ ጀምሮ እየጎላ እንዲመጣ፣ በኋላም እየራቀ እንዲጠፋ አደረገው። በዚህ አኳኋን ጋሪው ከሩቅ መጥቶ ያልፋል። ለውጡ የምልክት ለውጥ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የተመልካቹን ቦታ ነው የቀየረው። መንገድ ዳር ቆሞ ጋሪ ሲያልፍ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ነው፤ ከክፈፍ ወደ ክፈፍ ሲዞር ድንገት ከጋሪው ፊት የተገኘ የዐውደ ርዕይ ጎብኚ ሌላ። ዛሬ ብዙ ፒያኒስቶች ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ የሚመለሱ ሲሆን እኔም ልክ ናቸው እላለሁ።

ከሃርትማን 400 ሥዕሎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ከሙዚቃው ጋር በእርግጠኝነት የሚያያዙት ዛሬ በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሥራውን የሚዘጋው ታላቁ የኪየቭ በር እንኳን ከወረቀት አልፎ ያልተሠራ ንድፍ ነበር፤ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር በ1866 ከግድያ ሙከራ ያመለጡበትን ቀን ለማሰብ የታቀደው ይህ በር በድንጋይ ሳይቆም በፒያኖ ደወሎች ብቻ ቆሟል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ራቬል በ1922 ለኦርኬስትራ ካቀናበረው ወዲህ ደግሞ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ዐውደ ርዕዩ ከተዘጋ ከ150 ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ ሽርሽሩ ግን አሁንም እየሄደ ነው።

ሙዚየሞች ዛሬ ወደዚህ ዓይነት ግንኙነት የሚያዘነብሉበት ምክንያት አላቸው። በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አንድ ጎብኚ በአንድ ሥዕል ፊት በአማካይ 27 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚቆም አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ካሜራ ያለው ስልክ ገብቷል። ሥዕል ጊዜውን ራሱ አያዝም፤ ፊቱ ለመቆየት የሚወስነው ተመልካቹ ነው። ሙዚቃ ግን ጊዜውን ያዛል። አራት ደቂቃ የሚወስድ ክፍል አራት ደቂቃ ይወስዳል፤ አድማጩም ያን ያህል ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ ያለውን ሥዕል እንዲያይ ይሆናል። በደንብ የታሰበበት የሙዚየም ኮንሰርት ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል። ለሥዕሉ የተነፈገውን ጊዜ ይመልስለታል።

ለዚህም ነው ከፒያኖው ጀርባ ትልቅ ስክሪን ዘርግቶ ሥዕሎቹን ማፈራረቅ የማይጥመኝ። ሙዚቃው የፊልም ማጀቢያ ይሆናል፤ ሥዕሉ ደግሞ ልኩን፣ የቀለሙን ውፍረትና የብሩሹን ዱካ አጥቶ ብርሃን ብቻ ይሆናል። ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ በ1928 በጀርመኗ ደሳው የሙሶርግስኪን ሥራ ለመድረክ ሲያዘጋጅ የሃርትማንን ሥዕሎች አልዘረጋም። በሙዚቃው የሚንቀሳቀሱ የራሱን ቅርጾች፣ ቀለማትና ብርሃን አመጣ፤ ለምላሽ የተሰጠ ምላሽ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ለንደን ነው። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የብሔራዊ ጋለሪው ሥዕሎች ከቦምብ ለመዳን ወደ ዌልስ ተወሰዱ፤ በኋላም ማኖድ በተባለ ተራራ ውስጥ ባለ የድንጋይ ካባ ተቀመጡ። በከተማዋ ያሉ የኮንሰርት አዳራሾች ተዘግተዋል፤ በትራፋልጋር አደባባይ ያለው ታላቅ ሕንፃም ባዶ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ፒያኒስቷ ማይራ ሄስ ለዳይሬክተሩ ለኬኔት ክላርክ ሐሳብ አቀረበች፤ በምሳ ሰዓት፣ በአንድ ሺሊንግ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ኮንሰርት። የመጀመሪያውን በኦክቶበር 10 ቀን 1939 ራሷ ተጫወተች። ከዚያ እስከ 1946 ድረስ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ከ1,600 በላይ ኮንሰርቶች ተደርገው ከ800,000 በላይ አድማጭ ተገኝቷል። ቦምብ ሲበዛ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፤ ሲቀልል ይመለሳሉ። ከጀርመን ጋር በሚደረግ ጦርነት መካከል የጀርመኖቹን የባኽንና የቤትሆቨንን ሥራዎች መጫወቷም በራሱ አቋም ነበር።

ይህን የማነሣው ለሥዕል የተሰጠ የሙዚቃ ምላሽ ስለነበር አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረምና። የሚስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ በየቀኑ እየተቀመጠ ሙዚቃ የሚሰማው ሕዝብ የጎደለውን ነገር ይበልጥ አስታወሰ። ከ1942 ጀምሮ ጋለሪው በየወሩ አንድ ሥዕል ብቻ ከተራራው እያወጣ ማሳየት ጀመረ፤ ቲሺያንን፣ ሬምብራንትን። አንድ ሥዕል፣ ለአንድ ወር፣ በአንድ ሕንፃ። ለ27 ሰከንድ ያለፈው ሰው ብዙ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ወደ እኛ ይቀርባል። ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደች፣ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ሠዓሊዎች አንዷ ናት። የሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለመግቢያ አዳራሹ ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች እንድትሠራለት ሲጠይቃት ሸራዎቹን የሚችል ስቱዲዮ አልነበረም፤ እያንዳንዳቸው ከስምንት ሜትር በላይ ቁመትና ከዘጠኝ ሜትር በላይ ስፋት አላቸው። ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ያቆመ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተገኘና በማንሻ እየወጣች እየወረደች እዚያ ሣለቻቸው። ከሥር የአሜሪካን ምድር የሚያሳዩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎችና የተቃውሞ ሰልፍ ፎቶግራፎች ደብዝዘውና ተዋሕደው አሉ፤ ከላይ የእሷ ጥቁር ጭረቶች ይንጋጋሉ፣ ይሰረዛሉ፣ ደግመው ይጻፋሉ።

ፒያኒስቱ ጄሰን ሞራን ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን እየመጣ እሷ ስትሥል እርሱ ሙዚቃውን ይደርስ ነበር። የሥራው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሙሶርግስኪ ያየው ያለቀ ሥዕል ነው፤ ሞራን ያየው እጅን ነው፤ መስመር ሲሰመር፣ ሲደመሰስ፣ ማንሻው ሲንቀሳቀስ፣ ሠዓሊዋ ቆማ ስታስብ። በጃዝ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል፤ የጃዝ ፒያኒስትም ያሰመረውን መስመር በአድማጭ ፊት እየደመሰሰ ነው የሚሄደው። ሥዕሎቹ በ2017 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደው በሙዚየሙ ተሰቀሉ። ሙዚቃው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ኒው ዮርክ በተደረገው የፐርፎርማ ፌስቲቫል ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ የቀረበው ሥዕሎቹ በተወለዱበት በሃርለሙ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እዚህም ግድግዳው ባዶ ነበር፤ በቦታው የነበረው ፒያኖ፣ ኮርኔት የተባለው የትንፋሽ መሣሪያና ከበሮ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ አገር ሁለት ዳርቻ ተለያይተው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቆመዋል።

ቤተ ክርስቲያንን ካነሣን አይቀር፣ ሥዕልና ዜማ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ለእኛ ከማንም ይልቅ የቆየ ነገር ነው። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሉ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በማሕሌት፣ በጸናጽልና በከበሮ ድምፅ መካከል ነው። አንዳቸው ለሌላቸው ምላሽ ይስጡ ብሎ ያዘዘ አልነበረም። ከ2023 እስከ 2024 ድረስ በባልቲሞር፣ በሴለምና በቶሌዶ የአሜሪካ ሙዚየሞች የተዘዋወረው የኢትዮጵያ ጥበብ ዐውደ ርዕይ መስቀሎቻችንን፣ ብራናዎቻችንንና ሥዕሎቻችንን ለብዙ ሕዝብ አሳይቷል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን የመስተዋት ሣጥን ውስጥ የገባ ሥዕል መጀመሪያ የሚያጣው ነገር ድምፁን ነው። ሙዚቃን ወደ ሙዚየም መመለስ ለእንዲህ ያለ ስብስብ ጌጥ ሳይሆን የተቆረጠን ነገር መቀጠል ነው። በፒያኖ መሆኑ የሚያስቆጣ አይመስለኝም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 በኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ በገዳም ኖረው ያሳዩን፣ የእኛ ቅኝትና የእኛ ጸሎት በፒያኖ ላይ ቤት እንዳላቸው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ግቢ ሊባል በሚችል ርቀት አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አብረው ይተዳደራሉ። የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ጁሊ ምሕረቱ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራዎቿን ያሳየችው እዚያ ነው። ፒያኒስት አላጣንም፤ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ተነሥቶ ሶፊያ ተምሮ በአገር ቤት ቅኝቶች ላይ የተመሠረቱ የፒያኖ ሥራዎችን ለዓለም መድረክ ካደረሰ ቆይቷል። ከሥሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። የጎደለው ሠዓሊውና የሙዚቃ ደራሲው አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ትእዛዝና በጀት ነው።

ከገብረ ክርስቶስ ብንጀምርስ? ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ተምሮ፣ አዲስ አበባ አስተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ያረፈ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ከአገር ርቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ከጀርመን ተመልሰው ዛሬ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይታያሉ። «ጎልጎታ» የተሰኘው ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው ከሁሉ በፊት የሚመታው ቀዩ ነው፤ የተሰቀለው አካል ከቀለሙ ሊለይ እየታገለ፣ ወይም ወደ ቀለሙ እየሟሟ። ይህን በአንቺ ሆዬ ቅኝት ሊጽፍ የሚችል የሙዚቃ ደራሲ አገሪቱ የላትም ማለት አልችልም። ሄዶ የሚቀመጥበት ጊዜ የሰጠው ግን የለም።

ሥራው ሲታዘዝ አዳራሹም መታሰብ አለበት። የሙዚየም ክፍል ለዓይን እንጂ ለጆሮ አልተሠራም፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ድንጋይ፣ ግድግዳው ባዶ ነው። ድምፅ ቶሎ አይሞትም፤ ፈጣን ጣቶች የሚያወጡት ነገር እርስ በርሱ ይቀላቀላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚጻፍ ሙዚቃ አየር ያስፈልገዋል፤ ፒያኒስቱም ድምፁን የሚያራዝመውን ፔዳል መቆጠብ ይኖርበታል። ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የሚገባበት በርና የሚያርፍበት ወለል ቀድሞ ይታይ። አድማጩም ፒያኒስቱን ብቻ እንዲያይ ተደርጎ በረድፍ ከሚቀመጥ ወንበሮቹ ወደ ሥዕሎቹ ይዙሩ፤ የሚጫወተውን ሰው ማየት ለማይሆንለት ሌላ ምሽት አለ።

ክፍያው ደግሞ ከኮንሰርቱ ምሽት ይልቅ ለዝግጅቱ ወራት ይሁን፤ ሞራን ያን ሙዚቃ ያገኘው ከሠዓሊዋ ጋር በመቀመጥ ነው፣ በመክፈቻው ዋዜማ በተላከለት የሥዕል ዝርዝር አይደለም። የመጀመሪያው ኮንሰርት በሥዕሎቹ መካከል ይሁን። ሁለተኛው ዐውደ ርዕዩ ወርዶ ሥዕሎቹ መጋዘን ከገቡ በኋላ፣ በያሬድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ይደገም፤ ሙዚቃው ብቻውን መቆም አለመቆሙ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከቆመም ኖታው በወቅቱ ታትሞ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይግባ፣ ዐውደ ርዕዩን ያላየ የሌላ ከተማ ተማሪም ይጫወተው። የሙሶርግስኪ ሥራ የታተመው በተጻፈ በ12 ዓመቱ፣ ደራሲው ባረፈ በአምስተኛው ዓመት ነበር። የእኛዎቹ በሕይወት ሳሉ ታትሞ ሊያዩት ይገባል።